በጋሼ ምላስ

ሰኔ 3

ዛሬም ምንም። ጠዋት ሽንኩርት ለሁለት ከፍዬ አፍንጫዬ ሥር ያዝኩት። ዓይኔ አነባ፤ አፍንጫዬ ግን ወይ ፍንክች። እማዬ ለካ ከኋላዬ ቆማ ኖሯል። «ሰው አጥተሽ ሽንኩርት መሳም ጀመርሽ?» አለችኝ። ሳቅኩላት። ጉንፋኑ ከለቀቀኝ ሰነበተ፤ ሽታን ይዞብኝ እንደሄደ ግን አልነገርኳትም።

ለማንም አልተናገርኩም። የመጠጥ አስመጪ ድርጅት ቀማሽ ሆኜ አፍንጫዬ ሞተ ብል ማን ያስቀምጠኛል? ጥርሱ የረገፈ መጋዝ ማን ግድግዳ ላይ ይሰቅላል?

ሰኔ 5

የአፍንጫ ሐኪሙ በትንሽ መብራት ሲመረምረኝ ቆየና «ሊመለስ ይችላል። ላይመለስም ይችላል» አለኝ።

«መቼ ነው የማውቀው?»

«ሲመለስ።»

ቀልዱን አልነበረም። አፍንጫ ውስጥ የሚረጭ መድኃኒት ሰጠኝ።

ሰኔ 9፣ ሰኞ

ሣጥኖቹ ገቡ። ተኪላና ሜዝካል፣ ሁለቱም ሬት ከሚመስል የሜክሲኮ ተክል የሚወጡ፣ ከየዓይነቱ አንድ አንድ የናሙና ጠርሙስ። አዲስ ሆቴል ሊከፈት ነው፤ ባሩ በእነዚህ በሁለቱ መጠጦች እንዲታወቅ ይፈልጋሉ። እኔ እያንዳንዱን ቀምሼ እጽፋለሁ፤ በሐምሌ መጨረሻ ሆቴሉ ድረስ ሄደን ገዢዎቹን እናስቀምሳለን። ሥራ አስኪያጃችን ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ያንቺ አፍንጫ እያለ እኔ ምን አስጨነቀኝ» አለ። ከአንገቱ ስለማትለየው በሌለበት ክራቫት ነው የምንለው።

ከሰዓት በኋላ በሬን ዘግቼ የመጀመሪያውን ከፈትኩ። ነጭ ተኪላ፣ በርሜል ያላየ። አፍንጫዬን ብርጭቆው ውስጥ ቀበርኩት። ምንም። አፌ ሲገባ ያቃጥላል፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ይጣፍጣል፣ ከዚያ ይጠፋል። ለካ ምላስ ያለ አፍንጫ ምስኪን ነው፤ ጨው፣ ስኳር፣ ኮምጣጣ፣ መራራ፣ በቃ። «ለስላሳ» ብዬ ጻፍኩ። ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ቢያየው ጉድ ነበር የሚያፈላው። «ለስላሳ ማለት ምንም አልቀመስኩም ማለት ነው» ይለኝ ነበር ሲያስተምረኝ።

ሰኔ 12

ጋሼ አወቀ።

ወተት ጥጄ እዚያው አጠገቡ ተቀምጬ እጽፋለሁ። ገንፍሎ፣ አርሮ፣ ድስቱ ጠቁሮ፣ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ቁጭ። ጋሼ ከጓሮ ክፍሉ እየሮጠ መጥቶ እሳቱን አጠፋው። ወጥ ቤቱ በጭስ ታፍኗል። ቆሞ አየኝ።

«ሚጡ፣ አይሸትሽም እንዴ?»

ዋሽቼ ማምለጥ እችል ነበር። ግን ለታላቅ ወንድሜ፣ ያውም ይህን ሥራ ላስተማረኝ ሰው፣ እንዴት ይዋሻል? ትልቅ ሆቴል ባርማን ሳለ ዓይኑን ጨፍኖ ብርጭቆ ተቀብሎ የጠርሙሱን ስም ይጠራ ነበር። እንግዶች እሱን ብለው ነበር የሚመጡት። ከዚያ መጠጡ እሱን ጠጣው። ሥራው ሄደ፣ ሚስቱ ሄደች፣ አንድ ክረምት እማዬ ከመንገድ ላይ አነሳችው። አሁን ትቷል። አናጢ ቤት ወንበር ይገጣጥማል፣ ማታ ሻዩን ጠጥቶ ይተኛል። እማዬ ይህን ሰላም እንደ ዕንቁላል ነው የያዘችው። ለሥራዬ እንኳ ቢሆን ጠርሙስ ይዤ እዚህ ቤት እንዳልገባ አስምላኛለች።

ነገርኩት። ድስቱን እየፋቀ ሰማኝና «ጠርሙሶቹን አምጪያቸው። እኔ ልቅመስልሽ፣ አንቺ ጻፊ» አለ።

«አብደሃል?»

«እተፋዋለሁ እኮ። ቀማሽ አይጠጣም፣ ይተፋል። ማን ነው ይህን ያስተማረሽ?»

እምቢ አልኩ። በደንብ ነው እምቢ ያልኩት።

ሰኔ 14

ክራቫት የመጀመሪያዎቹን ማስታወሻዎች ሰኞ ማየት ይፈልጋል። የዱሮ ጽሑፌን እያገላበጥኩ ቃል ስለቅም ዋልኩ። ሎሚ። ቁንዶ በርበሬ። ቫኒላ። የአንዱን ጠርሙስ ልብስ ለሌላው ማልበስ ነው። ባለቁልፏ፣ የዕቃ ቤቱን ቁልፎች አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የምትዞረዋ፣ በመስኮቱ በኩል ስታየኝ ደብተሬን ዘጋሁ። ምን እንደሆንኩ እንጃ።

ሰኔ 15፣ እሑድ

ሦስት ጠርሙስ ከልብስ ሥር ደብቄ አመጣሁ። ለዛሬ ብቻ።

እማዬ ጎረቤት የታመመች ልትጠይቅ ወጥታለች። ጋሼ ብርጭቆዎቹን በሙቅ ውሃ አጠበ፣ አደረቀ፣ አሸተተ፣ እንደገና አጠበ። «ሳሙና ሳሙና ይላል» አለ። እኔ ምን አውቄ። ሜዝካሉን አንስቶ በኃይል ነቀነቀና ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። አረፋው የጠርሙሱ አንገት ላይ እንደ ዶቃ ተደርድሮ ቆየ።

«አየሽ? ይሄ ጉልበት አለው። ውሃ ቢበዛበት አረፋው ወዲያው ነበር የሚሞተው።»

ከዚያ አሸተተ። ብዙ አሸተተ። እጁ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ማን አይንቀጠቀጥም? ጠብታ የምታህል አፉ ውስጥ አዙሮ ባልዲው ውስጥ ተፋ።

«ጻፊ። ጭሱ በር ላይ አይቀበልሽም። ገብተሽ ከተቀመጥሽ በኋላ ከጓዳ ነው ብቅ የሚለው። ዝናብ ያጠፋው እሳት። ተክሉን ጉድጓድ ውስጥ በጋለ ድንጋይ ላይ ቀብረው ነው የሚያበስሉት፤ ያ አፈር አብሮ ገብቷል። ከሥሩ የብርቱካን ልጣጭ አለ፣ የደረቀ። ከዋጥሽው በኋላ ደግሞ፣ ማለቴ ከተፋሽው በኋላ፣ የአዲስ ጫማ ካርቶን ስትከፍቺ የሚመጣው ነገር።»

«ጫማ ብዬ ልጻፍ?»

«ጻፊ አልኩሽ!»

ጻፍኩ። እኔ ባልዲውን ልደፋ ወጥቼ ስመለስ መስኮቱ አጠገብ ቆሞ ያፏጫል። ጋሼ ሲያፏጭ ከሰማሁ ዘመን ሆኖኛል። ፊቱ በርቷል። ሰው በሚያውቀው ነገር ሲፈለግ ነፍሱ ትመለስ የለ? ይህ ምን ክፋት አለው?

ሰኔ 17

ክራቫት ማስታወሻዬን ቢሮ ውስጥ ጮክ ብሎ አነበበው። «ዝናብ ያጠፋው እሳት! እስከ ዛሬ የት ደብቀሽው ነበር?» ሁሉም አጨበጨቡ። ጆሮዬ ጋለ። ደስ ብሎኝም ነበር፤ አልዋሽም።

የቀሩትንም በዚሁ መንገድ እንድጽፍ ይፈልጋል። እንዴት ብዬ አሁን አቁሜያለሁ እላለሁ?

ሰኔ 22፣ እሑድ

አምስት ጠርሙስ። ጋሼ ጠርሙሶቹን በየቀኑ ከማመላለስ እሱ ክፍል ቢቆዩ ይሻላል አለ። እማዬ መንገድ ላይ ብትይዘኝስ? እውነቱን ነው። ሣጥኑን ከአልጋው ሥር አስገባነው።

ሰኔ 25

ቸኩዬ ልወጣ ስል እማዬ በር ላይ፦ «ይሄ ቤት ምን ምን ይላል?»

«ልብሴ ነው እማዬ። ቢሮ ፈሶብኝ።»

አውልቂው አለች። አወለቅኩ። ወዲያው ስትዘፈዝፈው አየሁ።

ሰኔ 29፣ እሑድ

ዛሬ ያረፉትን፣ በርሜል ውስጥ ቆይተው ወርቅማ የሆኑትን ተኪላዎች። ጋሼ እንዲህ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ስለ አንዱ «ጨዋ ነው፣ ግን ሲስቅ ጥርሱ ይታያል» አለኝ፤ ስለ ሌላው ደግሞ «ይሄ አርጅቶ ጥበብ ያልገዛ ነው»። ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። እየሳቅኩ ጻፍኩ። ትንሽ ቆይቶ የተናገረውን መልሶ ተናገረው፣ ቃል በቃል፣ እንደ አዲስ። ደክሞት ነው። ስድስት ቀን ሙሉ መጋዝ ይዞ የሚውል ሰው።

ባልዲውን ልደፋ ሳነሳው ቀላል ሆነብኝ። ቀድሞ ደፍቶት ይሆናል።

ሐምሌ 3

ባለቁልፏ ዕቃ ቤት ውስጥ ብቻዬን ስታገኘኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አንቺ ልጅ፣ ትጠጫለሽ እንዴ?» አለች።

«ኧረ በስመአብ!»

«ታዲያ ጠዋት ስትገቢ ኮትሽ ለምን ይሸታል?»

ኮቴ የሚሰቀለው ጋሼ በር አጠገብ ነው። አንዱ ጠርሙስ ያፈስስ ይሆናል። ማታ ሄጄ ክዳኖቹን ሁሉ አጠበቅኩ። በዚያውም ጠርሙሶቹን ወደ መብራቱ እያነሳሁ አየኋቸው፤ ሙሉ ናቸው፣ ከቀመስነው በስተቀር። የቆየው ተኪላ ብቻ ቀለሙ ሳሳ ያለ መሰለኝ። አምፖሉ ደካማ ነው።

ወንድሜን መጠርጠሬ አሳፈረኝ። ያውም ሙሉ ጠርሙሶቹ ፊቴ ተደርድረው!

ሐምሌ 8

አናጢው መንገድ ላይ አገኘኝ። «ወንድምሽ ተሻለው?»

«ከምን?»

አቀርቅሮ ጫማውን አየ። «ጉንፋን ይዞኛል ብሎ ከቀረ እኮ ሰነበተ።»

ለጋሼ ስነግረው «እንጨት የለም ብሎ ራሱ አሰናብቶኝ፣ አሁን ደግሞ ጉንፋን ይላል? ሰውየው ይዋሻል» አለ። ሊሆን ይችላል። አናጢና ልብስ ሰፊ መቼ እውነት ተናግረው ያውቃሉ? አውራ ጣቱ በጨርቅ ተጠቅልሏል። በምን ተቆረጠ፣ ሥራ ከሌለ? አልጠየቅኩም። ሁለት ጠርሙስ ነው የቀረኝ።

ሐምሌ 11

እማዬ ስልክ ላይ ለአክስቴ፦ «የለም፣ እኔ ምንም አላልኩም። ምን እላለሁ? አንዴ ተናግሬ ከቤት ሲወጣ ያየሁት ይበቃኛል...» ስገባ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ማውራት ጀመረች።

ሐምሌ 13፣ እሑድ

ዛሬ ጠየቅኩት። ይህን ሳልደብቅ ልጻፈው፤ ጠይቄዋለሁ።

እማዬ ጠዋት ሳህን ስታቀርብልን በድንገት «ያንቺ ጉንፋን ዓይንሽንም ያዘው?» ብላኝ ወጣች። ምን ማለቷ እንደሆነ ገባኝ። ከሰዓት በኋላ ጓሮ ሄድኩ። ጋሼ አልጋው ላይ ጋደም ብሏል።

«ጋሼ፣ እየጠጣህ ነው?»

ቀና ብሎ ተቀመጠ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ነይ» አለኝ። «ነይ ቅረቢ።» ፊቱን ፊቴ ላይ አስጠግቶ እፍፍፍ አለብኝ፣ ረጅም፣ ሙቅ ትንፋሽ። «ምን ይላል?»

ምንም አይልም። ምን ሊለኝ ይችላል? ሁለታችንም ተያየን። መጀመሪያ እሱ ሳቀ፣ ከዚያ እኔም ሳቅኩ፣ ከዚያ ዓይኑ እንባ ሞላ።

«ይቅርታ» አልኩት።

ለምን ይቅርታ አልኩ? ከመቀመጫው ሳይነሳ እጄን ይዞ ሳመው። እጁ ቀዝቃዛና ላብ የነካው ነበር። ከዚያ የመጨረሻውን ሜዝካል ቀመሰና ነገረኝ፤ ጻፍኩ። ጥሩ ማስታወሻ ነው። ከሁሉም ይበልጣል።

ሐምሌ 18

እንቅልፍ የለም። ማስታወሻዎቹን እንደ ተማሪ በቃሌ እያጠናሁ ነው። የሚረጨውን መድኃኒት ጨረስኩ። ሳሙና፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቤንዚን፣ ምንም። ሐሙስ፣ ሆቴሉ ድረስ የምንሄድበት ቀን፣ ይለፍልኝ እንጂ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ መልሼ፣ ለጋሼም ሌላ ሥራ ፈልጌለት፣ ለእማዬም ሁሉን ነግሬያት...

ሐሙስ ይለፍልኝ።

ሐምሌ 24፣ ሐሙስ

ልጻፈው።

ረጅም ጠረጴዛ፣ ነጭ ጨርቅ፣ በየሰው ፊት የተደረደሩ ብርጭቆዎች። የሆቴሉ ገዢ መነጽር ያደረገች ዝምተኛ ሴት ናት፤ ሁለት ባርማኖች አብረዋት ተቀምጠዋል። ክራቫት አዲስ ክራቫት አስሯል። ባለቁልፏ ትቀዳለች፣ እኔ እናገራለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከቢሮ ያልወጡ ጠርሙሶች ነበሩ፤ በሰላም አለፉ። ሦስተኛው ያ ሜዝካል ነው፣ ከጋሼ አልጋ ሥር ጠዋት አውጥቼ ያመጣሁት።

«ጭሱ በር ላይ አይቀበላችሁም» አልኩ። «ገብታችሁ ከተቀመጣችሁ በኋላ ከጓዳ ነው ብቅ የሚለው። ዝናብ ያጠፋው እሳት።»

ፈገግ ብለው ብርጭቋቸውን አነሱ። ቀመሱ። ገዢዋ ደግማ ቀመሰች።

«እሳቱስ በደንብ ጠፍቷል» አለ አንደኛው ባርማን።

ተሳሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። የወደደው መስሎኝ።

ገዢዋ ብርጭቋዋን ወደ እኔ ገፋ አደረገች። «እስቲ አንቺ አሽትቺው።»

ሁሉም ያዩኛል። አሸተትኩ። አፌ ውስጥ አዞርኩት። ማቃጠሉን የወሰደብኝ ፍርሃት መስሎኝ ነበር።

«ጥሩ ነው» አልኩ። «ለስላሳ ነው።»

ባለቁልፏ ጠርሙሱን አንስታ ነቀነቀችው። አረፋው ብቅ እንዳለ ሞተ። የሚቀጥለውን ነቀነቀች። የሚቀጥለውን። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ውሃ ነው፣ እህቴ» አለችኝ። ክራቫት ሰምቷል።

ገዢዋ መነጽሯን አወለቀች። «ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ሽታ ይሰማሻል?»

ደግ ድምፅ ነበራት። ያ ነው የጨረሰኝ። አይሰማኝም በሚል ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ።

ቤት ስደርስ እማዬ የጋሼ በር ላይ ቆማለች፤ እሱ አልጋው ጫፍ ላይ እጁን በጉልበቱ መሀል አስገብቶ ተቀምጧል።

«ስንቱ ነው?» አልኩት።

«ሁሉም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ቀን። ባልዲውን ልትደፊ ስትወጪ።»

እማዬ ወደ እሱ አላየችም፤ እኔን ነው ያየችኝ። «እኔ ካወቅኩ ሰነበትኩ። ይሸታል ስልሽ ልብሴ ነው አልሽ። ልብስሽን እኮ እስኪነጣ አጠብኩት! እንዴት አንቺ፣ እንጀራሽ አፍንጫሽ ሆኖ...»

«አይሸተኝም እማዬ። ከጉንፋኑ ወዲህ ምንም አይሸተኝም።»

የበሩን መቃን ይዛ ቀስ ብላ ደፉ ላይ ተቀመጠች። አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን ታያለች። እሱ «ሚጡ ምንም አላጠፋችም» አለ። አጥፍቻለሁ። ጠርሙሱን ማን አመጣው?

ሐምሌ 26

ክራቫት እንደ ፈራሁት አልጮኸም። «እረፊ» ብቻ አለኝ። እስከ መቼ እንደሆነ አልተናገረም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ባለቁልፏ እስከ በሩ ሸኘችኝ።

ሐምሌ 28

ጋሼ ምሎ ተወ። ዛሬ አንድም ጠብታ አልነካም። እማዬ ፊቷ ትንሽ ፈታ አለ። ሾርባ ሠራችለት፤ ማንኪያው ከሳህኑ አፉ ሳይደርስ ባዶ ይሆናል። ብርድ ነው አለ። ግንባሩ ላይ ላቡ ይንጠባጠባል።

ሐምሌ 29

ሰው የሌለበት ጥግ እያየ ያወራል። እማዬን አላወቃትም። አናጢው ታክሲ ይዞ መጣልን፤ ውሸታም ያልኩት ሰውዬ በጀርባው አዝሎ አስገባው።

ክሊኒኩ አልጋ የለውም። መንቀጥቀጡን የሚያስታግሰው መድኃኒትም እስከ ሳምንቱ መጨረሻ አይገባም። ነርሷ ወደ ኮሪደር አወጣችን። «በድንገት ያስቆማችሁት እናንተ ናችሁ?»

«ራሱ ነው የተወው» አለች እማዬ፣ በኩራት ቢጤ።

«እናቴ፣ እንዲህ ማቆም ይገድለዋል። ለቆየ ጠጪ ሰውነቱ ካጣው ሊያንዘፈዝፈው፣ ልቡ ሊቆም ይችላል። አልጋ እስኪለቀቅ በልክ፣ በሰዓቱ ትሰጡታላችሁ። ጠርሙሱን ለእሱ እንዳትተዉለት። አንዳችሁ እየያዛችሁ።»

እማዬ የሰማችው አልመሰለኝም። «ምኑን?» አለች።

ነርሷ እኔን አየችኝ። እኔ ነበርኩ መናገር ያለብኝ። «መጠጡን፣ እማዬ።»

ነሐሴ 1

ጠዋት ክሊኒኩ ደወልኩ። አልጋ የለም፤ ነገ ሞክሩ።

ትናንት ስሰጠው የዋልኩት እኔ ነኝ። ነርሷ መለኪያው ላይ በእስክሪብቶ ያሰመረችው መስመር ድረስ እቀዳለሁ፣ አቀርብለታለሁ፣ አንገቱን ቀና አደርጋለሁ። ሳያሸት፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይጨልጠዋል። አንዴም አላየኝም። ዛሬ ግን መለኪያውን ስይዝ የእኔም እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ግማሹ አንሶላው ላይ ፈሰሰ። ጋሼ የፈሰሰውን አይቶ እንደ ሕፃን ከንፈሩ ሲንቀጠቀጥ ወጥቼ ወጥ ቤት ገባሁና ጠረጴዛው ላይ ተደፋሁ።

እማዬ ከእጄ ወሰደችው። ጠርሙሱንም መለኪያውንም።

«የቱ ጋ ነው ልኩ?»

መስመሩን አሳየኋት። ዕድሜዋን ሙሉ ጠርሙስ ነክታ ስለማታውቅ እንደ ዘይት ነው የቀዳችው፣ በቀጭኑ፣ ትንፋሿን ይዛ። አንዲት ጠብታ አላፈሰሰችም። ተከተልኳት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ክንዷን ከአንገቱ ሥር አስገባች፣ ራሱን ደረቷ ላይ አስደግፋ መለኪያውን ከንፈሩ ላይ አደረገችለት።

«ዋጥ አድርገው የኔ አባት» አለችው። «ዋጥ። ጎሽ። ትንሽ ነው የቀረው።»

ዋጠ። በቀሚሷ ጫፍ አፉን ጠረገችለት። መንቀጥቀጡ ጋብ እስኪል ድረስ እንዳቀፈችው ቆየች፤ ከዚያ ተነስታ መለኪያውን በሳሙና አጠበችና ከእኛ የሻይ ብርጭቆዎች መሀል ደፋችው።

«ቀጥሎ መቼ ነው?» አለችኝ።

«ከምሳ በኋላ።»

«እሺ» ብላ ምሳ ልትጥድ ሄደች።